ችላ ስንለው ባሰበት፤ ይሄ ኮንዲሽኒንግ የሚሉት ነገር ለልጅ ይሠራል?

የትንሹ እናት፦

ሰላም ቤተሰብ። ልምድ ያላችሁ ወይም ትምህርቱን የምታውቁ እስቲ እርዱኝ። አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። ችግሩ ስልክ ነው። ስልክ ባየ ቁጥር ይጠይቃል፣ እምቢ ስለው ያለቅሳል፣ ዝም ካልኩት መሬት ላይ ይንደባለላል፣ ጎረቤት እስኪሰማ ይጮኻል። እስካሁን እንደ ሁኔታው ነበር የምናደርገው። አቅም ሲኖረኝ እችለዋለሁ፣ እንግዳ ካለ ወይም ደክሞኝ ከገባሁ እሰጠዋለሁ። አባቱም እንደዚያው ነው። አያቱማ ገና ፊቱ ሲከፋ ነው የሚሰጡት።

ከዚያ «ለቅሶውን ችላ በሉት፣ ካልተሸለመ ይተወዋል፣ ኮንዲሽኒንግ ይባላል» የሚል ነገር አነበብኩ። ከአባቱ ጋር ተስማማንና ጀመርን። መጀመሪያ የቀነሰ መሰለ። አሁን ግን ጭራሽ ባሰበት፣ ድሮ የማያደርገውን ሁሉ ማድረግ ጀመረ፣ ዕቃ ይወረውራል፣ እኔን ይመታል፣ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮኻል። በመጨረሻ አባቱ «አየሽ፣ ይሄ ነገር ለውሻ ነው እንጂ ለሰው አይሆንም» ብሎ ስልኩን ሰጠው።

ሁለተኛው ነገር ፀጉር መቆረጥ ነው። አንዴ ማሽኑ ጆሮውን ነክቶት ደምቷል። ከዚያ ወዲህ የማሽኑን ድምፅ ሲሰማ ይንቀጠቀጣል። ቆይቶ ደግሞ ድምፁ ብቻ አልሆነም፤ አንገቱ ላይ የሚያስሩለትን ጨርቅ ሲያይ፣ እንዲያውም አባቱ ጢሙን የሚላጭበትን ሲያይ ሮጦ ይደበቃል። እዚህም ላይ ያንኑ ዘዴ ሞከርን፤ እያለቀሰ ችላ ብለን፣ ይዘነው አስቆረጥነው። በሚቀጥለው ጊዜ በሩ ጋ ሳንደርስ ጀመረ።

ዘዴው ነው የተሳሳተው ወይስ እኛ ነን? በደወል ውሻ አሠለጠኑ የሚባለውስ ለሰው ይሠራል? እባካችሁ «ልጅሽን አሞላቀቅሽው» ልትሉኝ የመጣችሁ እለፉኝ፣ እሱን ከዘመድ ጠግቤዋለሁ።

ሳይኮሎጂ ያጠና፦

እህቴ፣ የነገርሽን ሁለት ለቅሶ ነው። ሁለቱም ለቅሶ ስለሆኑ አንድ መድኃኒት ሰጠሻቸው። የስልኩ ለቅሶ ውጤት ያመጣል፤ ካለቀሰ ስልክ ይመጣል። የማሽኑ ለቅሶ ፍርሃት ነው፤ ልጁ የሚያተርፍበት ነገር የለም። የመጀመሪያውን ኦፐራንት ኮንዲሽኒንግ ይሉታል፣ ሁለተኛውን ክላሲካል። አባቱ የጠቀሰው ውሻ የሁለተኛው ነው። እኔ ስለ ስልኩ ላውራ፣ የማሽኑን ከሕፃናት ጋር የሚሠራ ሰው ቢመልስልሽ ይሻላል።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በ1898 ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የሚባል አሜሪካዊ የተራቡ ድመቶችን ሳጥን ውስጥ እየዘጋ ምግቡን ውጭ ያስቀምጥ ነበር። ድመቷ ትቧጥጣለች፣ ትነክሳለች፣ ትገፋለች፤ በአጋጣሚ መክፈቻውን ስትነካ በሩ ይከፈታል። መልሶ ሲከታት ለመውጣት የሚፈጅባት ጊዜ ያጥራል፣ እንደገና ሲከታት ይበልጥ ያጥራል። «ገባኝ» ብላ በአንዴ አልተለወጠችም፤ ያልጠቀማት እንቅስቃሴ እየጠፋ የጠቀማት ቀረ። ልጅሽም ክፉ ሆኖ ወይም ተንኮል አስቦ አይደለም። መለመን ሞከረ፣ አልሆነለትም። ማልቀስ ሞከረ፣ አንዳንዴ ሆነለት። መንደባለል ሞከረ፣ ይበልጥ ሆነለት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የለመደው ሽልማት ድንገት ሲቀር ባህሪው ወዲያው አይጠፋም። ሁሌም ባይሆን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ይጋጋላል፣ ከዚያ ነው የሚከስመው። ሁልጊዜ የሚሠራ ሪሞት አንድ ቀን እምቢ ሲልሽ ወዲያው አታስቀምጪውም፤ ጠበቅ አድርገሽ ትጫኚዋለሽ፣ ደጋግመሽ ትጫኚዋለሽ፣ በመዳፍሽ መታ መታ ታደርጊዋለሽ። ልጅሽ ዕቃ መወርወር የጀመረው በዚህ ሰዓት ነው። ስለዚህ መባሱ ብቻውን ዘዴው አልሠራም አያሰኝም።

የተበላሸው ቀጥሎ ነው። ነገሩ ጫፍ ሲደርስ አባቱ ሰጠው። ልጁ የተማረው ምንድነው? ተራ ለቅሶ ካልሠራ ዕቃ መወርወር ይሠራል። ሳታስቡት ትልቁን ጩኸት ሸለማችሁት።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን «እንደ ሁኔታው ነበር» ያልሽው ነው። ስኪነርን የማያውቅ የለም፣ አይጥ ማንሻ ስትጫን ምግብ የሚወጣበት ሳጥን የሠራው ሰው ነው። በ1930ዎቹ የምግቡን እንክብል ራሱ በእጁ ነበር የሚሠራው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሲያሰላው እንክብሉ ለሰኞ አይደርስም፤ እንደገና ቁጭ ብሎ ከመሥራት ብሎ በእያንዳንዱ ጫና መስጠቱን ተወና በደቂቃ አንዴ ብቻ መስጠት ጀመረ። አይጦቹ አላቆሙም። እንደውም ያንን በየደቂቃው የሚመጣ አንድ እንክብል እየጠበቁ ሲጫኑ ዋሉ። ከዚያ የሽልማት አሰጣጥ ራሱን የቻለ ጥናት ሆነ፤ በ1957 ከቻርልስ ፈርስተር ጋር ያወጡት ሥራ በአብዛኛው በርግቦች ላይ የተሠራ ነው፣ ትልቅ ጥራዝ ነው፣ ሙሉ በሙሉ በግራፍ የተሞላ (አንብቤ ልጨርሰው ሞክሬ ራሴን አሞኛል)። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ሁልጊዜ የተሸለመ ባህሪ ሽልማቱ ሲቀር ቶሎ ይከስማል፣ አንዳንዴ ብቻ የተሸለመ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ልጁ አሁን ያልተሰጠው ስለማይሰጠው ይሁን ወይም ገና ስላልበቃ፣ መለየት አይችልም። ስለዚህ ይቀጥላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ እንዳትቀየሚኝ። እናንተም እየተሠለጠናችሁ ነው። ስልኩን ስትሰጪው ጩኸቱ ጸጥ ይላል፣ ለአንቺ እፎይታ ነው፣ እፎይታው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ እንድትሰጪ ያደርግሻል። ደስ የማይል ነገር ስለቆመ የሚጠናከር ባህሪ፣ ነጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት የሚባለው እሱ ነው፤ ብዙ ሰው ከቅጣት ጋር ያምታታዋል። ጄራልድ ፓተርሰን በየቤቱ እየሄደ ጠበኛ ልጆች ያሉባቸውን ቤተሰቦች ሲያጠና ያገኘው ይህንኑ ክብ ነው። ልጁ ይጮኻል፣ ወላጅ ይሰጣል፣ ልጁ ጸጥ ይላል። ለጊዜው ሁለቱም ይተርፋሉ። በሚቀጥለው ዙር ጩኸቱ ይጨምራል፣ የወላጁ ትዕግሥትም ያጥራል።

ምን ይደረግ ካልሽኝ፣ ችላ ማለት ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ለቅሶው የሚሠራውን ሥራ የሚሠራ ሌላ መንገድ ልጁ ያስፈልገዋል። በ1985 ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ የዕድገት እክል ላለባቸው ልጆች፣ በመጮህና በመማታት ያገኙ የነበረውን ነገር በቃል እንዲጠይቁ አስተማሯቸው፤ የቃሉ ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ጩኸቱ ቀነሰ። ለናንተ ሲተረጎም፦ የስልክ ሰዓት ቁርጥ ያለ ይሁን፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ ሲያልቅ የሚጮኽ አላርም ያለው። በዚያ ሰዓት ሳያለቅስ በአፉ ሲጠይቅ ወዲያው ስጪው፣ ሳታቅማሚ። ከዚያ ውጭ ያለው ለቅሶ ስልክ አያመጣም፣ ቢጮኽም፣ እንግዳ ቢኖርም። ለእንግዳው ቀድመሽ ንገሪው። ችላ ማለት ደግሞ ልጁን መተው አይደለም፤ ሊወረውር የሚችለውን አንሺ፣ ራሱን የሚጎዳ ከሆነ ያዢው፣ ስልኩን ብቻ አትስጪው። ይህን መያዝ አንችልም የምትሉ ከሆነ ግን ባትጀምሩት ይሻላል። መሃል ላይ የሚቋረጥ ከሆነ ካለመጀመር ይብሳል።

የድሮ ሰው፦

ይሄን ሁሉ አይጥና ድመት ምን አመጣው? አንድ ቁንጥጫ ይበቃዋል። እኛ በቁንጥጫ ነው ያደግነው፣ ምን ሆንን?

ሳይኮሎጂ ያጠና፦

ወንድሜ፣ ቁንጥጫም እኮ ኮንዲሽኒንግ ነው፣ ስለዚህ ከአይጡ አላመለጥክም። ስኪነር ይህንንም ሞክሮታል፣ በ1938 ባሳተመው ላይ አለ። ማንሻ መጫን የለመዱ አይጦችን ለሁለት ከፈላቸው፣ ለሁለቱም ምግቡን አቆመ፣ ያንደኛዎቹን መዳፍ ግን መጀመሪያ ላይ ሲጫኑ ይመታቸው ነበር። የተመቱት ወዲያው ቀነሱ። ምቱ ሲቀር ግን እየቆዩ ካልተመቱት ጋር እኩል ደረሱ። ምቱ አፍኖት ነበር እንጂ አላጠፋውም።

እውነቱን ለመናገር የሱ ምት ቀላል ነበር፤ በኋላ ናታን አዝሪን እና ሌሎች እንዳሳዩት ቅጣቱ ከባድ ከሆነና በዚያው ቅጽበት ሁልጊዜ ከመጣ ባህሪን ያቆማል። ግን ያንን መስፈርት እስቲ ልብ በለው። ከባድ፣ በዚያው ቅጽበት፣ ሁልጊዜ። የትኛው ወላጅ ነው ይህን የሚያደርገው፣ ማድረግስ አለበት ወይ? በተግባር የሚሆነው ወላጁ ሲናደድ ብቻ መምታት ነው፣ ልጁም የሚማረው የወላጁን ፊት ማንበብ ነው። ሌላው ደግሞ ቁንጥጫው የሚመጣው ከአንተ ነው። ድምፅና ሕመም አንድ ላይ ሲመጣ ልጁ ድምፁን እንደፈራው ሁሉ፣ ሕመምና አባት አንድ ላይ ከመጡ የሚፈራው አባትን ይሆናል። ከዚህ በላይ አልከራከርህም።

መምህርት፦

የመጀመሪያው መልስ ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ላጉረምርም። እንዲህ ያለ ነገር ያነበበ ወላጅ በሚቀጥለው ሳምንት ግድግዳው ላይ የኮከብ ሰንጠረዥ ለጥፎ ይመጣል፤ ጥርስ ስላጸዳ ኮከብ፣ ስለበላ ኮከብ፣ ስለሳቀ ኮከብ። ክፍሌ ውስጥ «ይሄን ብሠራ ምን ትሰጪኛለሽ?» የሚሉኝ ልጆች ከየት እንደመጡ አውቃለሁ።

በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒዝቤት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ በቀለም እስክሪብቶ መሳል የሚወዱ ልጆችን ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። አንደኞቹን «ከሳላችሁ ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ሁለተኞቹ ሳይነገራቸው ከሳሉ በኋላ ተሸለሙ። ሦስተኞቹ ምንም አላገኙም። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እስክሪብቶውን ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ማን እንደሚያነሳው ሲያዩ፣ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች በመሳል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነበር። ወድደው የሚሠሩትን ነገር ወደ ሥራ ቀየሩባቸው። ልብ በሉ፣ ሽልማት ሁሉ ጎጂ ነው አላልኩም፤ ድንገት የተሸለሙት አልተጎዱም፣ ልጁ መጀመሪያውኑ የማይወደው ነገር ከሆነም የሚጠፋ ፍቅር የለም። ግን በራሱ የሚሳለውን ልጅ በኮከብ አትነካኩት።

ሌላ ደግሞ ልጅ ሳይሸለምም ይማራል። ኤድዋርድ ቶልማን በ1930 አይጦችን ያለ ምግብ ጠመዝማዛ መተላለፊያ ውስጥ ሲያንሸራሽራቸው ቆየ። ምንም የተማሩ አይመስሉም ነበር። በ11ኛው ቀን መጨረሻው ላይ ምግብ ሲያስቀምጥ ወዲያውኑ ከመጀመሪያ ጀምረው ሲሸለሙ ከቆዩት እኩል ሆኑ። መንገዱን በጭንቅላታቸው ይዘውት ነበር፣ የሚያሳዩበት ምክንያት ነው ያጡት። የአራት ዓመት ልጅም እንዲሁ ነው፤ እናትና አባት እራት ላይ ስልክ ሲነካኩ እያየ ነው የሚውለው፣ ለማየቱ ማንም አልሸለመውም።

የትንሹ እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ። የመምህርቷ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አባቱን ነካችው፣ እያነበብኩለት ነበር። የማሽኑን ነገርስ የሚያውቅ የለም? ፀጉሩ ዓይኑ ውስጥ ሊገባ ነው። አያቱን በተመለከተም ምን እንደማደርግ ጨንቆኛል፣ እሳቸው ጋ በሳምንት ሁለት ቀን ይውላል፣ እምቢ በሉት ብላቸው «እኔ የልጅ ልጄን አላስለቅስም» ነው መልሳቸው።

ከሕፃናት ጋር የምሠራ፦

እህቴ፣ የማሽኑን ልመልስልሽ። ይሄ አባቱ በጠቀሰው ውሻ ይጀምራል። ውሾቹን ያጠናው ሩሲያዊው ፓቭሎቭ ስለ ትምህርት ለማጥናት አልነበረም የተነሳው፤ ሙያው የምግብ መፈጨት ነበር፣ በ1904 ኖቤል የተሸለመውም በሱ ነው። የውሾቹን ምራቅ ሲለካ ምግቡ ከመምጣቱ በፊት፣ የሚመግባቸው ሰው ገና ሲገባ ምራቅ መፍሰስ እንደጀመረ አየ። ከዚያ በኋላ ነው ሆን ብሎ የሜትሮኖምና የሌላም ድምፅ ከምግብ ጋር እያጣመረ ያጠናው። ልጅሽ ጋ ምግቡን በሕመም ተኪው። ሕመምን መፍራት ማንም አላስተማረውም። ድምፁ ግን ከሕመሙ ጋር አብሮ መጣ፣ አሁን ብቻውን ያስፈራዋል። ለመጥፎ ነገር አንድ ጊዜ ይበቃል፣ ሰውነት እዚህ ላይ አይለግምም።

ፍርሃቱ ወደ ጨርቁና ወደ አባቱ መላጫ የተዛመተውም የታወቀ ነው። በ1920 ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር አልበርት ያሉትን የ11 ወር ገደማ ሕፃን ነጭ አይጥ በነካ ቁጥር ከኋላው የብረት ዘንግ በመዶሻ እየመቱ አስደነገጡት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አይጡን ብቻ ሲያይ ማልቀስ ጀመረ፣ ቀጥሎ ጥንቸሉን፣ ውሻውን፣ የፀጉር ካፖርት ጭምር። የሚያናድደው ደግሞ ፍርሃቱን ሳያስለቅቁት ነው ከሆስፒታል የወጣው። ዛሬ እንዲህ ያለ ጥናት ማንም አይፈቅድም።

አሁን የናንተን እንይ። ይዛችሁ ስታስቆርጡት ምን ተጣመረ? ድምፁ፣ መታፈኑ፣ እናት አለማዳኗ። ፍርሃት ሽልማት ስለሚያገኝ አይደለም የሚቆየው፣ ስለዚህ ችላ በማለት አይራብም። በሌላ በኩል ሮጦ ሲደበቅ ዝም ብላችሁ ብትተዉትም አይለቀውም፤ ሲሸሽ እፎይ ይላል፣ እፎይታው መሸሹን ያጠናክረዋል። ከላይ ስለ ወላጅ የተባለው እዚህ ልጁ ላይ ነው የሚሠራው።

መውጫው በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ ያሳየችው ነው። ፒተር የሚሉት ሦስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ጥንቸል ይፈራ ነበር። የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን በካጅ አድርጋ ከሩቅ አስገባችለት፣ ሳይረበሽ በላ። በሌላ ቀን ትንሽ ቀረብ አደረገችው። እንዲህ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ ልጁ ጥንቸሉን ዳሰሰው፣ ጥንቸሉ ጣቱን ሲነካካውም ዝም አለ። ሌላም ነገር አድርጋለች፤ ጥንቸል የማይፈሩ ልጆች እሱ እያየ እንዲጫወቱ አድርጋለች። አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ በ1967 ውሻ የሚፈሩ ልጆች ላይ ማየት ብቻውን እንኳ እንደሚረዳ አሳይተዋል።

እቤት እንዲህ አድርጉት። ለጊዜው ፀጉሩን በመቀስ ቁረጡት፣ ማሽኑን ለመልመጃ ብቻ ተዉት። መጀመሪያ የጠፋ ማሽን እሱ ሲጫወት ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ፣ ማንም አያንሳው። እሱ ራሱ ቢያነሳው ተዉት፣ መኪና አድርጎ ቢነዳውም ጥሩ ነው። ቀጥሎ በሌላ ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ፣ ለጥቂት ሰከንድ ድምፁ ይሰማ። ድምፁ ይቅደም፣ የሚወደው ጨዋታ ወዲያው ይከተል፤ ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት፣ ማለትም መጀመሪያ አጫውታችሁ ከዚያ ማሽኑን ካመጣችሁ፣ ጨዋታውን ራሱ ሊጠረጥረው ይችላል። ከዚያ በሩ ይከፈት። ከዚያ አባቱ እየሳቀ የራሱን ይቁረጥ። ከዚያ የጠፋው ማሽን የልጁን ክንድ ይንካ፣ ቀጥሎ አንገቱን፣ ጆሮው መጨረሻ ነው። ልጁ ካለቀሰ አንድ ደረጃ ቸኩላችኋል ማለት ነው፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። ቀኑ ሁልጊዜ እሱ ዘና ባለበት ይለቅ። ታዲያ «የሚወደው» ስል ስልክ እንዳትሰጪው አደራ፣ አንዱን ስትፈቺ ሌላውን እንዳትቋጥሪ።

ይሄም ይታወቅ፦ ቤት ውስጥ ለምዶ ፀጉር ቤት ሲሄድ ፍርሃቱ ብቅ ሊል ይችላል። ፓቭሎቭ ራሱ የከሰመ ምራቅ ከእረፍት በኋላ ሲመለስ አይቷል፣ ማርክ ቡተንም ለብዙ ዓመታት ያሳየው መክሰም አሮጌውን እንደማይፍቀው ነው። አሮጌው ትምህርት አለ፣ በላዩ አዲስ ተጨምሯል፣ አዲሱ ደግሞ የተማረበትን ቦታ ይወዳል። ስለዚህ ልምምዱን ቦታ እየቀያየራችሁ አድርጉት፣ ሲመለስባችሁም ከዜሮ የጀመራችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለተኛው ዙር ብዙውን ጊዜ ያጥራል። ከዚህ ሁሉ በኋላም ልጁ የሚያስታውክ ወይም እንቅልፍ የሚያጣ ከሆነ ባለሙያ ያግኘው።

አፕ የምሠራ፦

ስለ ስልኩ ከወዲያኛው ወገን አንድ ነገር ልበል። ልጁን ብቻ አትውቀሱት፣ ዕቃው ራሱ በዚህ ሳይንስ የተሠራ ነው። ጣትህን ወደ ታች ስትስበው አዲስ ነገር አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም፤ ስኪነር ርግቦቹን ሳያቋርጡ ቁልፍ በምንቃራቸው ያስጠቆማቸው ይኸው መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ነው። ቮልፍራም ሹልትስ ጦጣዎች ላይ እንዳየው የዶፓሚን ሴሎች (አንጎል ውስጥ ለሽልማት ምላሽ የሚሰጡ ሴሎች) ይበልጥ የሚነቃቁት ሳይጠበቅ ለመጣ ጭማቂ ነው፤ የሚጠበቀው ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ከወትሮው በታች ይወርዳሉ።

ለልጅ ግን የሚብሰው ቪዲዮው አልቆ ሌላው በራሱ መጀመሩ ነው። ማለቂያ የለውም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ መሃል ላይ ነው የምትነጥቂው። በራሱ የሚቀጥለውን ማጫወቻ ከሴቲንግ አጥፊው፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው አንድ ነገር ቀድመሽ አውርጂለት፣ አላርሙ ከዚያ ጋር እኩል ይለቅ። ኢንተርኔቱንም ዝጊው። አንቺ ሳትሆኚ ታሪኩ ነው ያለቀው፣ ጠቡ በግማሽ ይቀንሳል ባይ ነኝ።

ሳይኮሎጂ ያጠና፦

አያቱ ቀርተዋል። ደስ የሚለው ነገር እሳቸው ስለሰጡት የናንተ ቤት ሥራ ገደል አይገባም። በስኪነር ሳጥን ውስጥ መብራት ሲበራ ብቻ ምግብ ከመጣ እንስሳው ቶሎ ይለየዋል፤ ሲበራ ይጫናል፣ ሲጠፋ ይተዋል። ልጆች ደግሞ ከዚያ ይፈጥናሉ፣ ማን ምን እንደሚሰጥ ሳይማሩ አይቀሩም። አያቱ የበራ መብራት ይሆናሉ፣ እናንተ የጠፋ። ይህ የሚሠራው ግን እናንተ ሁልጊዜ የጠፋችሁ ከሆናችሁ ነው፤ አንዴ ብልጭ ካላችሁ ይሞክራችኋል። አያቱ እናንተ ቤት ሲመጡም ይከብዳል፣ ሁለቱ መብራት አንድ ክፍል ውስጥ ነውና።

አንድ የማይወደድ ነገር አለ። ጆርጅ ሬይኖልድስ በ1961 ርግቦች ላይ እንዳሳየው፣ በአንደኛው መብራት ሽልማት ሲቀር በሌላኛው መብራት መጠቆሙ ከበፊቱ ይጨምራል፣ እዚያ ምንም ሳይለወጥ። ስለዚህ እናንተ ጋ ሲቀንስ እሳቸው ጋ ሊብስ ይችላል። ያኔ ራሳቸው ይደውሉልሻል።

እስከዚያው ግን ከሳቸው ጋር «አትስጡት» ብለሽ አትጣዪ፣ አይሆንም። መስጠታቸው ካልቀረ ሰዓቱን ብቻ አስቀይሪያቸው። ልጁ ገና ሲገባ፣ ሳይለምን፣ ሳይከፋው ይስጡት፤ ማልቀስ ከጀመረ በኋላ ግን ጸጥ ብሎ በአፉ እስኪጠይቃቸው ይቆዩ። እንዲህ ከሆነ የልጅ ልጃቸውን አላስለቀሱም፣ ለቅሶም ስልክ አላመጣም። ለሳቸውም የሚቀላቸው ይሄ ነው፣ እምቢ ማለት አይችሉማ።